እርጥብ እንጨት፣ የፈነዳ ድንጋይና ያልጠፋ ፍም፦ ስለ ካምፕ እሳት ለጠየቃችሁኝ

ድንኳን ተክላችሁ ማደር የምትወዱ አንባቢዎች ሰሞኑን ስለ እሳት ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። አምስቱን መርጫለሁ። የመጨረሻው ላይ ረዘም ብያለሁ፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ ካባራ በኋላ አንድ ሙሉ ክብሪት ጨርሼ እንጨቱ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እርጥብ እንጨት ከመንደዱ በፊት ውስጡ ያለው ውሃ መትነን አለበት። የለኮስካት ትንሽ እሳት ጉልበቷን ሁሉ እዚያ ላይ ትጨርሳለች። ስለዚህ መሬት ላይ የተኛውን ተወውና ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ፈልግ። ስትሰብረው ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከተለመጠ ገና ነው። ወፈር ያለውን ፍለጠው፤ ላዩ ቢርስም ልቡ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ከዚያ አትቸኩል። መጀመሪያ ደረቅ ሣር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ቀጥሎ ቀጫጭን ጭራሮ፣ ከዚያ የጣት ውፍረት ያለው፣ ፍልጡ መጨረሻ ላይ። «ይበቃኛል» ያልከውን ጭራሮ እጥፍ አድርገው። ክብሪቱን የምታወጣው ሁሉም አጠገብህ ሲሆን ብቻ ነው። አደራ፣ ቤንዚን አታርከፍክፍ። የሚቀጣጠለው ትነቱ ነው፤ ሳታስበው ፊትህ ጋ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ጭሱ የትም ብቀመጥ እኔን ይከተለኛል። ለምን?

መልስ፦ እሳት ከየአቅጣጫው አየር ወደ ራሱ ይስባል። በተቀመጥሽበት በኩል ሰውነትሽ አየሩን ይጋርደዋል፤ ጭሱም ወዳንቺ ያጋድላል። ቦታ ከመቀያየር ጭሱን መቀነስ ይሻላል። ደረቅ እንጨት ማግጂ፤ በእንጨቶቹ መካከልም አየር መግቢያ ተዪ።

ጥያቄ፦ እሳቱን በወንዝ ዳር ድንጋይ ከበብነው። አንዱ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ውሃ የጠገበ ድንጋይ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ያለው ውሃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ስባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና ከውሃ ዳር ድንጋይ አታምጡ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ሲበርደን ፍም በብረት ዕቃ አድርገን ድንኳን ውስጥ ብናስገባስ?

መልስ፦ በፍጹም! ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የድንኳኑን በር ገርበብ ማድረግም አያድንም። ይልቅ ሙቅ ውሃ በማያፈስ ኮዳ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት።

ጥያቄ፦ ስንነሳ እሳቱን አፈር እናለብሰዋለን። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። አፈርና አሸዋ ፍሙን ይሸፍኑታል እንጂ አያቀዘቅዙትም፤ እንዲያውም ሙቀቱን አምቀው ያቆዩታል። ከላይ ምንም አይታይም። በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ግን ይረግጠዋል። ፍሙ የዛፍ ሥር ካገኘ ደግሞ ከመሬት በታች ቀስ እያለ ይሄዳል። እኔ ራሴ ጠፍቷል ብዬ የተኛሁበት እሳት ጠዋት ነፋስ ሲነካው ሲጨስ አይቻለሁ። ያን ቀን የተሰማኝ ድንጋጤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ከመሄዳችሁ ቀደም ብላችሁ ማገዶ መጨመር አቁሙ። እንጨቱ አመድ እስኪሆን ይንደድ። ከዚያ ውሃውን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ በአንዴ ከደፋችሁት ትኩስ አመድና እንፋሎት ፊታችሁ ላይ ይነሳል። በእንጨት አማስሉት፣ ደግማችሁ አፍስሱ። ጉማጆቹን አገላብጡ፤ ፍም ከሥራቸው ተደብቆ ይቀራል። «ችስ» የሚለው ድምፅ ሲጠፋ የእጃችሁን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጉ። ትንሽ እንኳ ከሞቀ እንደገና ውሃ። ባልዲው እሳቱ ሳይለኮስ ሞልቶ አጠገባችሁ ይቀመጥ። በቂ ውሃ ከሌላችሁ ያን ምሽት እሳት ባታነዱ እመርጣለሁ።