ኮዱን ከማስጠፋትህ በፊት አስነብበው

የአንባቢያን ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ከአዳማ ነው የምጽፍላችሁ። ያገለገለች የ2004 ሞዴል ኮሮላ ገዝቻለሁ፣ ሞተሯ 1.8 ነው። መጀመሪያ ደህና ነበረች፣ ከዚያ ቼክ ኢንጅን መብራት በራ። ጠዋት ሳስነሳት ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተር ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዳንዴ ከግቢ ሳልወጣ ትጠፋለች። ከሞቀች በኋላ ግን ምንም የላትም። ቤተሰብ ለመጠየቅ አሰላ ስወጣ እንኳን ጉልበት አይጎድላትም። ኮምፒውተር ሳስደርጋት ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣ። አንዱ ጋራዥ ካንዴላና ኮይል ቀየረ፣ ሌላው የኦክስጅን ሴንሰር፣ ሌላው ደግሞ የነዳጅ ፓምፕ። ሁሉም ሲጨርሱ ኮዱን ያጠፉልኛል፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይበራል። አሁን ሞተሩ ይውረድ እያሉኝ ነው። ላውርድ ወይስ ልሽጣት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞተር አታውርድ፣ አትሽጣትም። ስላወጣኸው ገንዘብ በጣም አዝኛለሁ፣ ምክንያቱም ደብዳቤህ ውስጥ መልሱ ግማሽ በግማሽ አለ፤ ቁጭ ብሎ የጠየቀህ ሰው አለመኖሩ ነው።

ፒ0171 የዕቃ ስም አይደለም። ኮምፒውተሩ «ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል፣ እየጨመርኩ ነው፣ ግን አልደረስኩበትም» እያለህ ነው። አየሩ በፊልትሮ አልፎ ሲገባ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ይለካዋል፣ ኮምፒውተሩም በዚያ ልክ ነዳጅ ያዛል። ከመለኪያው በኋላ በሆነ ስንጥቅ ሌላ አየር ከገባ ግን ማንም አልለካውም። የታክሲ ረዳት በር ላይ ቆሞ ሰው ሲቆጥር አንዱ በመስኮት ቢገባ ሒሳቡ እንደማይገጥምለት ማለት ነው። ይህን የሚደርስበት ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። እሱ እውነቱን ስለተናገረ ነው የቀየሩት። አሮጌውን ሰጥተውህ ከሆነ አትጣለው።

አሁን ወደ አሰላው መንገድ እንምጣ። ከአዳማ በኢተያ አሰላ ስትደርስ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወጥተሃል። ፓምፑ ደክሞ፣ የነዳጅ ፊልትሮው ተዘግቶ ወይም ነዳጁ ተበርዞ ቢሆን ኖሮ ያ አቀበት ያጋልጠው ነበር፤ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ የሚፈልገው እዚያ ላይ ነዋ። አንተ ጉልበት አልጎደላትም ትላለህ። ፓምፑ መጀመሪያም ጤነኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ችግሩ የሚታየው በሚኒሞ ነው፣ ያውም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በስንጥቅ የገባችው ትንሽ አየር ትልቅ ድርሻ ትይዛለች፣ መንገድ ላይ ግን ከብዙው አየር ጋር ተቀላቅላ አትታወቅም።

በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ይህ ምልክት የታወቀ ነው። አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መካከል ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ጎማ ነው። ዕድሜ ሲበዛ ይደርቃል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና አየር ያስገባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ያብጥና ይደፍናል። ጋራዥ ስትደርስ ሞቃለች፣ ስለዚህ መካኒኩ ምንም አያገኝም። መኪናዋን ማታ ወስደህ አሳድራት፣ ጠዋት ሳትነሳ ይዩአት።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ኮዱን ማጥፋቱ ነው። መብራቱ ሲበራ ኮምፒውተሩ የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ መዝግቦ ያስቀምጣል፣ ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። የውሃው ሙቀት፣ የሞተሩ ዙር፣ የመኪናዋ ፍጥነት ሁሉ እዚያ አለ። ሙቀቱ 40 ወይም 50 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ ዜሮ የሚል ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ቆማ፣ ሳትሞቅ ነው ያመማት ማለት ነው። ኮዱን ስታጠፋ ይህም አብሮ ይጠፋል። ያንተ መኪና ማስረጃዋ በየጋራዡ ሲሰረዝባት ነው የከረመችው። አሁን መብራቱ እንደገና ሲበራ ማንም ሳይነካው ያንን ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳው።

ቀጥሎ ፊውል ትሪም የሚለውን ቁጥር አሳዩኝ በል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ በመቶኛ ይነግርሃል። እስከ 10 በመቶ ወዲህና ወዲያ ቢል ችግር የለውም። በሚኒሞ 20ን አልፎ፣ ነዳጅ ሰጥተህ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ስትይዛት ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። የሚጨምረው ዙሩ ሲበዛ ከሆነ ግን እኔ ተሳስቻለሁና ወደ ነዳጁና ወደ አየር መለኪያው ሂዱ።

ቦታውን ለማግኘት የጭስ መሣሪያ (ጭስ አስገብቶ የሚወጣበትን ስንጥቅ የሚያሳይ) ያለው ጋራዥ ካገኘህ በጣም ጥሩ። ከሌለ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነስታችሁ በመርጫ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ በማኒፎልዱ መጋጠሚያና በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ላይ ቀስ እያላችሁ ርጩ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹን ግን አታርጥቡ። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው ሚኒሞው ሲለወጥ በጆሮህ ትሰማዋለህ። ቤንዚን የሚረጭ መካኒክ ካየህ አስቁመው፣ እሳት ነው!

አንድ የአዳማ ነገር ልጨምር። አቧራውና ነፋሱ ስለሚበዛ ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ በኮምፕሬሰር ይነፋል፣ ይመለሳል። ሲመለስ ጠርዙ በደንብ ካልተቀመጠ አቧራው የአየር መለኪያው ቀጭን ሽቦ ላይ ይጋገራል፣ ልኬቱም ይዛባል። ለሱ በተሠራ ስፕሬይ ይጸዳል፣ በጨርቅ ወይም በጣት ፈጽሞ አይነካም። ጓርኒሲዮኑን ስታስቀይር ይህንንም አብረህ አሠራ። መጋጠሚያው ይጽዳ፣ ብሎኖቹም እኩል ይጥበቁ። ያኔ ኮዱን ማስጠፋት ይቻላል።

ጥያቄ፦ እኔም አዳማ ነኝ፣ ያገለገለች ያሪስ ልገዛ ነው። ሻጩ መብራቱን አስጠፍቶ እንዳያታልለኝ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሞተሩን ሳታስነሺ ቁልፉን ብቻ አብሪ። ቼክ ኢንጅን መብራት መብራት አለበት፣ ሲነሳ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ነክተውት ሊሆን ይችላል። በርቶ ከጠፋም አትመኚው፣ ስካነር ይዞ የሚሄድ ሰው ውሰጂና ሬዲነስ የሚለውን ገጽ ይክፈትልሽ። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ለመጨረስም ብዙ ጊዜ የቀናት መንዳት ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ በቅርቡ ኮድ ጠፍቷል ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ሻጩ ባትሪ ቀይሬ ነው ቢልሽ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ቀን ይንዳትና ተመልሰሽ እይው፣ ቀብድ ግን እስከዚያ አትስጪ።