«ተመኚ» ቦርሳ የለም

ፒያሳ የቦርሳ ሱቅ ያላቸው አንባቢ እንዲህ ጠየቁኝ፦ «ዕቃ አቅራቢዬ በላከልኝ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ላይ ቦርሳውን ‹ኮቬተብል› ይለዋል። ልጄ ‹ተመኚ› ብላ ተረጎመችው። ለጆሮዬ ሻከረኝ። ምን ልበል?»

ጆሮዎን ይመኑ። የእንግሊዝኛው ቃል ሰው ሊመኘው የሚገባ ዕቃ ማለት ነው። ተመኚ የሚመኘው ሰው ነው፤ ቦርሳው አይደለም።

ልጅዎ ግን ያለ ምክንያት አልተሳሳተችም። «ተወደደ» ብለን «ተወዳጅ»፣ «ተፈለገ» ብለን «ተፈላጊ» እንላለን። እዚያ «ተ» ግሡን ተደራጊ ታደርገዋለች፤ ድርጊቱ የሚደርስበትን ታሳያለች። «ተመኘ» ላይ ያለችው «ተ» ሥራዋ ሌላ ነው። እሷን ቢያነሷት «መኘ» የሚባል ግሥ አይቀርም። ግእዙም «ተመነየ» ነው፤ «ነ» እና «የ» ተዋሕደው «ኘ» ሆኑ። ከጥንቱ «ተ»ን ይዞ የመጣ አድራጊ ግሥ ነው ማለት ነው። «ተቀበለ»ን ይዩ። ተቀባይ ሰውዬው ነው፤ ዕቃው አይደለም።

የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ «ኩፔሬ»፣ መመኘት። የሮማውያን የፍቅር አምላክ ኩፒድም ስሙ ከዚያው ነው። ዘፀአት 20፥17 ላይ እኛ «የባልንጀራህን ቤት አትመኝ» የምንለውን እንግሊዝኛው «ኮቬት» በሚለው ግሥ ይከለክላል። የተከለከለው ምኞት ዛሬ ለዕቃ ማሞገሻ ሆነ። «ኤብል» የምትለዋ ቅጥያ ዕቃውን ተደራጊ ታደርገዋለች፤ ሊመኙት የሚገባ እንደማለት። አማርኛ እዚህ ላይ ነገሩን ራሱን ባለ ሥራ ማድረግ ይወዳል፦ አስደሳች፣ አስፈሪ፣ አሳዛኝ። ስለዚህ የኔ ምርጫ «አስመኚ» ነው።

«‹ተፈላጊ› መች አነሰ?» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ተፈላጊ ማለት ገበያ ያለው ነው። ሲሚንቶም ተፈላጊ ነው፤ ሲሚንቶ አይቶ ልቡ የሚሰቀል ሰው ግን አላየሁም። ፖሊስ የሚያሳድደውም ሰው ተፈላጊ ነው።

«አስጎምጂ»ስ? እኔ ለምግብ ነው የማውቀው። መጎምጀት ምራቅ አለበት፤ ትኩስ ክትፎ ሲቀርብ የሚሆነው ነው። ቆዳና ዚፕ ከምላስ ጋር ምን አገናኘው እል ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በቸርችል ጎዳና ስወርድ ሁለት ልጆች አንድ ሱቅ መስታወት ላይ ተለጥፈው ቆመዋል። አንዷ ቀይ ጫማ እያሳየች «ውይ፣ ሲያስጎመጅ!» አለች። ጓደኛዋ ምንም አልገረማትም። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን ሰጥቼ ሳዳምጥ ለመኪናም፣ ለቤትም ይባላል። ቃሉ ከማዕድ ተነሥቶ ገበያ ወጥቷል፤ ባይዋጥልኝም ልክድ አልችልም። «አስመኚ»ን ደግሞ ብዙ ሰው «የሚያስመኝ» እያለ ነው የሚጠራው።

እንግዲህ «አስጎምጂ ቦርሳዎች» ብለው ቢለጥፉ ገዢው ይገባዋል፤ ስሕተት ነው አልልዎትም። ለኔ ከተተወ ግን «አስመኚ ቦርሳዎች ገብተዋል» ብዬ እጽፋለሁ።