ስሙ «በር» ከሆነ ነፋስ አለው

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነህ፣ ጂቡቲ ትሠራለህ፣ ዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም ሸራ በተተከለበት ቦርድ (ሰሌዳ) ቆሞ በነፋስ ባሕር ላይ መንሸራተት፣ ከጀመርክ አምስት ወርህ ነው። የስልክህ ትንበያ «18 ኖት» (ኖት የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው) ይልሃል፤ ትሄዳለህ፣ ሸራህን ትገጥማለህ፣ ነፋስ የለም። በማግስቱ «10» ይልሃል፤ ሸራው ከእጅህ ሊነጠቅ ይደርሳል። የዳርቻው ሰዎች ደግሞ «ታይዱ ነው» ብለው ይገላገሉሃል። እውነት ታይዱ ነው ወይ? ነው ያልከው።

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ታይድ፣ ማለትም የባሕሩ ሙላትና ጉድለት፣ ነፋስ አይፈጥርም። ነፋሱን የሚያበረታውም የሚያበላሸውም በዙሪያህ ያለው መሬት ነው። ታይድ የሚያደርገው ያንን መሬት መቀያየር ነው። ይህን ለማስረዳት ከጂቡቲ ሳይሆን ከደብረ ሲና ልጀምር። እዚያ ነው ያደግኩት። ከዚያ ጂቡቲ አራት ዓመት፣ ዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ደግሞ ሁለት ወቅት ሸራ ሳከራይና ጀማሪ ሳስተምር ቆየሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ጋቢ ለብሼ ስለ ባሕር ነው የምጽፍልህ፤ መሳቅ ትችላለህ።

ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የተራራ ማለፊያ፣ ጣርማ በርን፣ ታውቀዋለህ። ከደብረ ብርሃን በኩል ሜዳውን ይዘህ ስትመጣ ነፋሱ ደህና ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ኮፍያህን ትይዛለህ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራው ዋሻ አፍ ላይ ከመኪና ወርደህ ቆመህ ከሆነማ ምንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከታች ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከላይ ከ3,000 ሜትር በላይ። ቀን ላይ ቆላው ሲግል አየሩ ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። እርጥበት ከያዘ ያ የምናውቀው ጉም ይሆናል። ተራራው ያግደዋል፤ ዝቅ ያለች ቦታ ሲያገኝ በእሷ ይሾልካል። በሰፊው ሲሄድ የነበረ አየር በጠባቡ ለማለፍ መፍጠን አለበት። ሌላ ምሥጢር የለውም።

የአገራችን ሰው «በር» ያለው ለመንገደኛ ብሎ ነው። ነፋስም መንገደኛ ነው። አሁን ያለህበትን አካባቢ ካርታ ክፈት። ባብ ኤል መንደብ፤ «ባብ» በዓረብኛ በር ማለት ነው። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወዲያም ወዲህም ከፍ ያለ መሬት አለ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ነፋስ እዚያ ተጨምቆ ወደ ቀይ ባሕር ይገባል። ስፔን ያለችው በነፋሷ የታወቀች ከተማ ታሪፋም እንጀራዋ ከዚሁ ነው፤ የጂብራልታር ወሽመጥ ጠባቡ ቦታ 14 ኪሎ ሜትር ነው። አንተ ጋ ደግሞ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ ያለው ጉቤት አለልህ። ከተማው ዳርቻ ለስለስ ያለ ነፋስ ባለበት ቀን እዚያ ውኃው ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ስልክህ ግን ይህን ሁሉ ላያይ ይችላል። የትንበያው ሞዴል ካርታውን በካሬ በካሬ ይከፍለዋል፤ የአንዱ ካሬ ጎን ከ10 ኪሎ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ ተራራውንም ባሕሩንም ቀላቅሎ አንድ አማካይ ቁጥር ይሰጥሃል። የአንተ ዳርቻ ስንት ነው? ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ነፋሱ አለ እየተባለ ጠፋ ለምትለው መልሱን ያገኘሁት ከአጎቴ አውድማ ነው።

ታኅሣሥ ነው። ገብሱ ተወቅቷል። እኔ ልጅ ነኝ፣ ቶሎ ጨርሰን እንድንሄድ እቸኩላለሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ላይዳውን አንስቼ ወደ ላይ በተንኩት። እብቁም ፍሬውም አብረው ቀጥ ብለው ወረዱ። አጎቴ ምንም አላለኝም። ጥላ ሥር ተቀምጦ ቆሎውን ይቆረጥማል። ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ተነሣ፣ ጭብጥ እብቅ ወደ ላይ ለቀቀ፤ እብቁ ወደ ጎን ሄደ። «አሁን» አለኝ። በዚያው ዓመት ጎረቤታችን የጭድ ክምሩን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከምሮ ነበር። ነፋሱ እያለ እብቁ ዞሮ ዞሮ ዓይናችን ውስጥ ይገባል። አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ጸጥ። አጎቴ ጎረቤቱን ረግሞ ሲጨርስ ምርቱን ራቅ አድርገን ተሸከምን።

ዊንድሰርፊንግን ያስተማረኝ ያ ክምር ነው ብል ማጋነን አይደለም። ነፋስ የሚጋርድ ነገር ሲያጋጥመው ከጀርባው ይበጣበጣል። ልምዱ ከፍታውን በአሥር ማብዛት ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አራት ሜትር ክምር አርባ ሜትር ያበላሻል። ዳርቻህ ላይ ያለው ሃያ ሜትር ሆቴል ደግሞ ነፋሱ ከየብስ በኩል ሲመጣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይሰርቅሃል። አንተ ውኃ ዳር ቆመህ «ነፋስ የለም» ትላለህ፤ ሦስት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ውኃው ጠቁሮ ይሸበሸባል። እዚያ ነው ያለው። ቀጥ ያለ ገደል ፊት ለፊት ከባሕር ሲመጣም እንደዚሁ ነው። ጣርማ በር አካባቢ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆም ሊጥልህ ይደርሳል፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብትል ክብሪት መጫር ትችላለህ። ነፋሱ ጠፍቶ አይደለም፣ በላይህ እየዘለለ ነው።

አሁን ሰዓቱ። የአጎቴ ስድስት ሰዓት ባሕር ዳርም ይሠራል። የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይግላል፤ የጋለው አየር ይነሣል፤ ቀዝቀዝ ያለው የባሕር አየር ሊተካው ይመጣል። አምስት ሰዓት አካባቢ ይጀምርና ከስምንት እስከ አሥር ይበረታል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሞታል። የአካባቢው ትልቁ ነፋስ በዚያው አቅጣጫ ከሆነ ይደመራሉ። «10» ተብለህ ሃያ ያገኘኸው በዚህ ይመስለኛል። ተቃራኒ ከሆኑ ደግሞ ይጣላሉ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ይላል። «18» ብሎህ ባዶ የሆነው ቀን ወሩ ስንት እንደነበር አልነገርከንም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከነበረ መልሱ ይኸው ነው። በዚያ ወቅት ከምዕራብ ከየብስ የሚመጣው ሞቃቱ ኸምሲን ከባሕሩ ነፋስ ጋር ትግል ይገጥማል።

ወደ ታይድ ልመለስ፤ የዳርቻው ሰዎች ያሉህ ሁሉ ውሸት አይደለም።

ዛንዚባር ፓጄ የምትባል ዳርቻ አለች። ሙላቱና ጉድለቱ ትልቅ በሚሆንበት ቀን ልዩነቱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ጠዋት ጀልባ ያለፈበት ቦታ ከሰዓት በእግር ይኬዳል። ውኃው ሲሸሽ መጀመሪያ የምታየው ካስማ ነው፤ ሴቶቹ የባሕር አረም የሚያለሙበት፣ በገመድ የተያያዘ አጭር አጭር ካስማ። ቀጥሎ ነጩ አሸዋ ይወጣል፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ። ሴቶቹ ጆንያ ይዘው ይገባሉ። እኔ ደግሞ ሸራዬን ተሸክሜ ውኃ ፍለጋ እሄዳለሁ። ይህ አሸዋ ሲጋለጥ የብስ ሆነ ማለት ነው። ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ ነፋሱንም ትንሽ ሊያግዘው ይችላል። ውኃው ሲመለስበት ደግሞ ይበርዳል። ሰው «ታይዱ ነፋስ አመጣ» የሚለው ይህን አይቶ ይመስለኛል፤ ግን ውጤቱ ትንሽ ነው፣ ሰፊ ሜዳ አሸዋ ባለበት ብቻ። አንተ ጋ ልዩነቱ ያነሰ ነው፤ በትልቁ ቀን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ብለህ ያዝ።

ከዚያ ይልቅ ፍሰቱን ተጠንቀቅ። እንዲህ አስብ። ነፋሱ 15 ኖት ነው። ውኃው በ3 ኖት ነፋሱን ተቃርኖ ከሄደ፣ አንተም ከውኃው ጋር ስለምትሄድ ሸራህ 18 ይሰማዋል። ሞገዱም አጥሮ ቀጥ ይላል። ታይዱ ሲዞርና ውኃው ከነፋሱ ጋር ሲሄድ 12 ይሆናል። ነፋሱ ፈቀቅ አላለም፤ አንተ ግን ስድስት ኖት ጠፋብህ። ጉቤት መግቢያው ጠባብ ስለሆነ ፍሰቱ ብርቱ ነው፤ ይህን እዚያ በደንብ ታየዋለህ። ክፍት ዳርቻ ላይ ከሆንክ እርሳው።

ታይዱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ፣ ወይም ከዚያ አንድ ሁለት ቀን በኋላ፣ ልዩነቱ ይሰፋል። ጨረቃዋ ግማሽ ስትሆን ይጠባል። ከሙላት ወደ ጉድለት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ ሦስተኛውና አራተኛው ሰዓት ላይ የውኃው ግማሽ ይሄዳል። ጀማሪ ሰው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ጠባብ አፍ አጠገብ አይገባም። ጂቡቲ ላይ ሁለቱ የቀን ሙላቶች እኩል ስለማይሆኑ ሰንጠረዡን አይተህ ውጣ።

ይህን ሁሉ የምለው ስለተመታሁ ነው። ጂቡቲ በመጀመሪያው ክረምቴ አንድ ጠዋት ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነበር፤ ውኃውም እየጎደለ። ዳርቻው ጠፍጣፋ መስታወት ይመስላል። «ለመለማመጃ ምቹ ነው» ብዬ ገባሁ። ከሕንጻዎቹ ጥላ ስወጣ ነፋሱ ያዘኝ፤ ደስ አለኝ። ልዞር ስል ማስቱን (የሸራውን ምሰሶ) ከቦርዱ የሚያያይዘው ጎማ ተበጠሰ። ሸራው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ። ያከራየኝን ቤት ስም አልጠራም፤ ጎማው ግን ሲያከራዩኝ የተሰነጠቀ ነበር፣ እኔም ሳላይ ነው የተቀበልኩት። ነፋሱም ውኃውም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፉኛል። ሆቴሉ የክብሪት ቀፎ እስኪያክል ድረስ ራቅኩ። ቦርዴን አልለቀቅኩም፤ የተረፍኩት በዚያ ነው። ዓሣ አጥማጆች ከሰዓት ላይ አገኙኝ። ሽማግሌው በዓረብኛ ብዙ ተናገረኝ፤ የገባኝ «አህያ» የሚለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገ ስትሄድ ሸራህን ከመግጠምህ በፊት አሥር ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። አንድ ጭብጥ ደረቅ አሸዋ ወደ ላይ ልቀቅና ወዴት እንደሚሄድ እይ። ወደ ባሕር ከሄደ ያን ቀን ተወው፣ ቡና ጠጣ። ወደ አንተ ወይም በጎንህ ከሆነ ውኃው የሚጠቁርበትን መስመር ፈልግ፤ ርቀቱን ከጀርባህ ካለው ሕንጻ ከፍታ ጋር አስተያይ። ለፋሲካ ከመጣህ ደግሞ ላንጋኖ እንሂድ፤ ታይድ የለበትም፣ ከሰዓት ነፋስ አለው፣ ሁለቱን ለይተህ ትማራለህ።

ዳርቻህ የትኛው እንደሆነና በየት በኩል እንደሚያይ ጻፍልን። ያንን ጎማም ዛሬውኑ በእጅህ አጥፈህ እየው፤ ቀጭን መስመር ካየህበት ለውጠው።