«የእንጨት እርድ» ወይስ «ዳሩሃሪድራ»?

ጥያቄ፦ ስለ ህንዶች የአዩርቬዳ ሕክምና የተጻፈ መጽሐፍ እየተረጎምሁ ነው። በሳንስክሪት «ዳሩሃሪድራ» የሚባለውን መድኃኒት «የእንጨት እርድ» ልበለው ወይስ ስሙን እንዳለ ልተወው? ቅመሙስ ከከብት እርድ እንዲለይ በ«ዐ» ቢጻፍ ይሻላል?

መልስ፦ «የእንጨት እርድ» ይበሉት። «ዳሩ» እንጨት፣ «ሃሪድራ» እርድ ነውና ሳንስክሪቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ተክሉ የእርድ ዘመድ ስላልሆነ ስያሜው ያሳስታል የሚሉ አሉ። በእርግጥ እርድ የዝንጅብል ወገን ሲሆን ይህኛው በሂማላያ ተራሮች የሚበቅል እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ይሁን እንጂ የጥንት የህንድ ሐኪሞች ስም ያወጡለት የግንዱንና የሥሩን ቢጫነት፣ የፈውሱንም ተመሳሳይነት አይተው ነው። «ሁለቱ እርዶች» እያሉ በአንድነት ይጠሯቸዋል፤ ከእነዚሁ ሐኪሞች አንዱ የሆነው ሱሽሩታም በሃሪድራ በሚጀምረው የመድኃኒት ምድብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለተቅማጥና የእናት ጡት ወተትን ለማጥራት ያዛቸዋል። የእንጨት እርድ ብቻውን ሲሆን በተለይ ለዓይን ሕመም ይፈለጋል፤ ተቀቅሎ ውሃው ከወተት ጋር እስኪጠጥር ድረስ ይፈላና «ራሳንጃና» የተባለው መድኃኒት ይወጣዋል። «አንጃና» ኩል ማለት ስለሆነ «ዓይን ላይ ይደረጋል» ከማለት «ይኳላል» ብለው ቢተረጉሙት እጅግ ያምራል።

የእኛም ቋንቋ በመልክና በአገልግሎት መሰየምን ያውቃል። ነጭ አዝሙድ የድንብላልና የእንስላል ወገን ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ከዚያ ወገን አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱንም አዝሙድ ከማለት የከለከለን የለም። (እንዲያውም «አዝሙድ» ራሱ ከሳንስክሪቱ «አጃሞዳ» የመጣ ይመስለኛል።)

የፊደሉን ጥያቄ የምመልሰው ከቃሉ ጉዞ ተነሥቼ ነው። ቅመሙ በየመን ዐረብኛ «ሁርድ»፣ በሶማልኛ «ሁሩድ» ይባላል፤ ሁለቱም ከ«ሃሪድራ» የወረዱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። አማርኛ የግእዙን «ሐረደ» «አረደ» እንዳለው ሁሉ የዚህንም «ህ» ጥሎ «እርድ» አለ። እንግዲህ የከብቱም ሆነ የቅመሙ እርድ መነሻው «ዐ» አይደለም። እኔስ ቅመሙ «ህርድ» ተብሎ ቢጻፍ እወድ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ የሚጽፍ ሰው የለምና ምርጫዬን በማንም ላይ አልጭንም። ለከብቱ «ዕርድ» የሚለው አጻጻፍ በየጋዜጣው ስለተለመደ፣ ቅር እያለኝም ቢሆን ተቀብየዋለሁ። ቅመሙን ግን፣ የእንጨቱንም ጨምረው፣ በ«እ» ይጻፉልኝ።