ከማህፀን ሕክምና በኋላ ቤት የገባችሁ፣ ጠይቁኝ

ሲስተር፦ ማህፀን ክፍል ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። ምን እንደተደረገላችሁና ስንተኛ ቀናችሁ እንደሆነ ጻፉልኝ። «ኦፕራሲዮን ሆኜ ያመኛል» ብቻ አይበቃኝም።

ማሂ፦ ሲስት (ውሃ የቋጠረ ከረጢት) በካሜራ ወጥቶልኝ ሁለተኛ ቀኔ ነው። ሆዴ ደህና ሆኖ ቀኝ ትከሻዬን ይወጋኛል። ምን አገናኘው?

ሲስተር፦ ይህቺን ጥያቄ እወዳታለሁ! ካሜራው እንዲያይ ሆድሽ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተነፍቶ ነበር። ሲጨርሱ ያስወጡታል፤ ትንሽ ግን ይቀራል። ቀና ስትዪ ወደ ላይ ይወጣና ድያፍራምን፣ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ይቆጠቁጠዋል። የድያፍራምና የትከሻ ነርቮች አንገት ላይ ከአንድ አካባቢ ስለሚነሱ አንጎል ይምታታበታል፤ የተነካው ታች፣ የሚጮኸው ትከሻ! ጋዙ ወደ ደም ገብቶ በትንፋሽ ይወጣል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቅሻል። ጋደም ስትዪ ቀለል ካለሽ እሱው ነው። ተነሺና ቤት ውስጥ ተራመጂ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይ ደረትሽን ከወጋሽ ግን «ጋዝ ነው» ብለሽ እንዳትቀመጪ፤ ድንገተኛ ክፍል!

የልጆች እናት፦ ተራመጂ? ስፌቱስ? እኔ ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልወረድኩም።

ሰላም፦ እኔን በማግስቱ ኮሪደር ለኮሪደር አስኬዱኝ፤ ምንም አልሆንኩ።

የልጆች እናት፦ ያንቺ በካሜራ ነዋ! የኔ ሆዴ ተከፍቶ ነው።

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ተራመዱ። ብዙ መተኛት እግር ላይ ደም ያረጋል። ክልክሉ ከባድ ዕቃ ማንሳት ነው። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት።

ሃና፦ ደም ይፈሰኛል፣ ኖርማል ነው?

ሲስተር፦ ምን ተደርጎልሽ? ስንተኛ ቀንሽ? በሰዓት አንድ ፓድ የሚሞላ ከሆነ፣ ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ወይ ፈሳሹ ከሸተተ፣ እኔን አትጠብቂ፣ ሂጂ።

ጽጌ፦ ማህፀኔ ከተጠረገ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የወር አበባዬ ሳይመጣ አላረግዝም አይደል?

ሲስተር፦ ታረግዣለሽ። እንቁላል የሚወጣው ከወር አበባው በፊት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ሊወጣ ይችላል።

ባል፦ የባለቤቴ ማህፀን ወጥቷል። ግንኙነት መቼ ነው?

ሲስተር፦ ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ያውም ሐኪሟ አይቶ ሲፈቅድ። እሷም ስትፈልግ።

ሃና፦ ደሙ ግን ኖርማል ነው?

ሲስተር፦ ሃና! በሰዓት አንድ ፓድ፣ 38፣ ሽታ። ምን ነበር የተደረገልሽ?

ሃና፦ የማህፀን በር ሊፕ፤ በጋለ ሽቦ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው አወጡልኝ። አሥረኛ ቀኔ ነው።

ሲስተር፦ ይኸው! የቁስሉ ቅርፊት የሚነሳበት ጊዜ ነዋ፤ ደም ተመልሶ ይመጣል። አሁን ያለው ፓድ መቼ የተቀየረ ነው?

ሃና፦ ጠዋት። ግማሹም አልሞላ።

ሲስተር፦ ይህን መጀመሪያ ብትዪኝ ምን ነበረበት? እረፊ፤ ከጨመረ ግን ሂጂ።