ጥያቄና መልስ፦ ዲስኩ ያው፣ ቁጥሩ ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ ጅማ በሚገኘው ቢሯችን ባለን አንድ ሰርቨር ላይ ኬቪኤምንና ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይን (አንድን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች፣ ማለትም በሶፍትዌር ለተፈጠሩ ኮምፒውተሮች፣ የሚያካፍሉ ሥርዓቶች) በየተራ ጭኜ የዲስኩን ፍጥነት ለካሁ። ሰርቨሩ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፤ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሁለት ዲስኮች በሬይድ 1 (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ) ተጣምረውበታል። በኤፍአይኦ (የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም)፣ ዳይሬክትን (የሚሞሪ ካሽን ዘሎ እንዲጻፍ የሚያደርግ ምርጫ) አብርቼ፣ በ2 ጊጋባይት ፋይል ላይ ባለ 4 ኪሎባይት የተበታተነ ጽሑፍ ስሞክር ኬቪኤም በሰከንድ 9,000 ጽሑፍ፣ ኢኤስኤክስአይ 140 ሰጡኝ። ለዳታቤዛችን ኬቪኤምን ልምረጥ?

መልስ፦ በዚህ ቁጥር አይምረጡ። ዲስክዎ አንድ ዙር ለመዞር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የተፈለገው ቦታ እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ ክንዱ እስኪደርስ ደግሞ 8 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨመራል። ይህ በሰከንድ 80 ያህል ጽሑፍ ነው። ጥያቄዎች ሲደራረቡ ዲስኩ ቅርብ ቅርቡን እያስቀደመ ከፍ ይላል፤ ሬይድ 1 ግን እያንዳንዱን ጽሑፍ ሁለቱም ላይ ስለሚያሰፍር መጻፍን አያፈጥንም። ስለዚህ 140ው የዲስኩ፣ 9,000ው የሚሞሪ ፍጥነት ነው።

ኬቪኤም ላይ የዲስኩ ካሽ (ጽሑፍ ለጊዜው ሚሞሪ ላይ የሚቆይበት አሠራር) «ራይትባክ» ሆኖ ሳይሆን አይቀርም። ያን ጊዜ የእርስዎ ዳይሬክት የሚሠራው ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ አስተናጋጁ ሊኑክስ ሚሞሪ ላይ ያርፍና «ተጽፏል» ይባላል። ኢኤስኤክስአይ የቨርቹዋል ማሽኖችን ጽሑፍ እንዲህ በሚሞሪ አያቆይም።

ካሹን «ነን» ያድርጉት፤ አስተናጋጁ ጽሑፉን በሚሞሪው እንዳያቆይ። ዲስኩን በአይዲኢ (የድሮ የዲስክ ማገናኛ) ሳይሆን በቨርትአይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን የተሠራ ማገናኛ) ያገናኙ፤ አይዲኢ አንድ ጥያቄ ሳይጨርስ ሌላ አይቀበልም። የሙከራውን ፋይል ከሚሞሪው እንዲበልጥ 64 ጊጋባይት አድርገው፣ ከመለካትዎ በፊት አንድ ጊዜ ሙሉውን ይጻፉበት። ኪውካው 2 (የኬቪኤም የዲስክ ፋይል ዓይነት)ም ሆነ የቪኤምዌር ቲን ዲስክ ቦታ የሚይዙት መጀመሪያ ሲጻፍባቸው ስለሆነ ያኔ ይዘገያሉ፤ ያልተጻፈበትን ቦታ ሲያነቡ ደግሞ ዲስኩን ሳይነኩ ዜሮ ስለሚመልሱ ከእውነቱ በላይ ፈጣን ይመስላሉ። የሰልፉ ጥልቀት (በአንድ ጊዜ የሚላኩ ጥያቄዎች ብዛት) በሁለቱም 32 ይሁን።

ለዳታቤዝ ዋናው ፈተና ግን ሌላ ነው፦ ጥልቀቱን 1 አድርገው፣ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ በኋላ ኤፍሲንክ (ጽሑፉ በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲሰፍር የሚያዝ ትእዛዝ) ያስጠሩ። ዳታቤዝ ክፍያ መዘገብኩ የሚለው በዚህ ነውና። እዚህም ከ80 በእጅጉ የበለጠ ካገኙ ይጠራጠሩ፦ ወይ ካሹ «አንሴፍ» ላይ ነው፣ ወይ የሬይድ ካርዱ በራሱ ሚሞሪ እየተቀበለ ነው። «አንሴፍ» የኤፍሲንክን ትእዛዝ ጨርሶ ይተወዋል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል። የካርዱ ካሽም ባትሪ ከሌለው ያጥፉት።

እንዲህ ሲለኩ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ማነቆው ዲስኩ ነውና። ገንዘብ ካለ ኤስኤስዲ ይግዙ፣ መብራት ሲቋረጥ በእጁ ያለውን ጽሑፍ የሚያስጨርስ ካፓሲተር ያለውን።