ዳክዬ ልቅ ይለቀቃል ወይ? ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባሕር ዳር ከተማ ዳር፣ ከዓባይ ብዙም በማይርቅ ጓሮ ዳክዬ ማርባት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን «ልልቀቃቸው ወይስ ዘግቼ ልያዛቸው?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው እየመጣ ነው። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምችለውን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ (ከመራዊ)፦ ጋሼ፣ ሦስት ሴትና አንድ ወንድ ዳክዬ ዛሬ ገዝቼ አስገባሁ። ነገ በሩን ብከፍትላቸው ማታ ይመለሳሉ?

መልስ፦ ነገ አትክፈት ወንድሜ። ዳክዬ ቤቱን የሚያውቀው አድሮበት፣ በልቶበት፣ ጠጥቶበት ነው። ቢያንስ አንድ ሳምንት ዘግተህ አቆያቸው። አሥር ቀን ብታደርገው ደግሞ የተሻለ። በእነዚህ ቀናት ጥሬ ስትሰጣቸው ጣሳ አንኳኳ። ሁልጊዜ ያንኑ ጣሳ፣ ያንኑ ድምፅ።

ከዚያ መጀመሪያ የምትለቃቸው ጠዋት እንዳይመስልህ። 11 ሰዓት ላይ፣ የማታ ጥሬያቸውን ሳይበሉ ልቀቃቸው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጣሳውን አንኳኳ። ርቧቸዋል፣ እየመሸ ነው፤ ተከታትለው ይገባሉ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እያስቀደምክ ቀስ በቀስ ቀኑን ሙሉ ታደርሰዋለህ። እኔ አንድን ዳክዬ «ለቀቅኩት» የምለው ማታ ራሱ ተመልሶ ሲገባ ካየሁ በኋላ ነው። በዚህ ነገር አልደራደርም። ሌሊት ሸለምጥማጥ አለ፣ ጅብ አለ፣ የጎረቤት ውሻ አለ። ተራው ዳክዬ ደግሞ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ አይወጣም፤ መሬት ላይ ነው የሚተኛው። በሩ ሳይዘጋ ካደረ ምንም መከላከያ የለውም።

ዳክዬዎችህ ወደ መስኖ ቦይ እንዳይገቡ ግን ያሳስበኛል። በቆጋ መስኖ አካባቢ ከሆንክ ከዋናው ቦይ ተጠንቀቅ። ጫጩት ከገባ መውጫ የለውም። ትልልቆቹ እንኳ ውሃው ይዟቸው ሄዶ የሰው ማሳ ውስጥ ይወጣሉ።

ጥያቄ (ከአዴት)፦ እንቁላል አላገኘሁም። ሣር ውስጥ ነው የሚጥሉት መሰለኝ።

መልስ፦ በጠዋት ስለምትለቂያቸው ነው እታለም። ዳክዬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ሊነጋጋ ሲል ነው። እስከ 3 ሰዓት ዘግተሽ አቆይ። ሣር ውስጥ የተጣለውን ቁራ ወይም አርጃኖ ይቀድምሻል። ቤታቸው ጥግ ላይ ደረቅ ጭድ አድርጊላቸው። የምትሰበስቢውን እንቁላል ደግሞ በደንብ ቀቅይው። ዳክዬ ጭቃ ላይ ስለሚውል ሳልሞኔላ የሚባለው ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላል። ልጆችም ነክተዋቸው ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ጓሮዬ ጎመን፣ ቃሪያና ሰላጣ አለው። ዶሮዎቼ አጥፍተውኛል። ዳክዬስ?

መልስ፦ ዳክዬ አይጭርም። ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። ዶሮ ሥሩን ቆፍሮ ያወጣል፤ ዳክዬ በመንቆሩ ጭቃውን እየመረመረ ቀንድ አውጣና ትል ይለቅማል። ክረምት ላይ የጎመን ቅጠል የሚበሳውን ሰውነቱ ልስልስ ትል ሁሉ ሲለቅም ማየት ደስ ይላል። ሰላጣ ግን አይምርም። ችግኝም በሰፊ እግሩ ይረግጣል። ስለዚህ ሰላጣውንና መደቡን ጉልበት በሚደርስ አጥር ከልዪ። የፊቱ ዳክዬ እዚያ ካልገባ የኋላዎቹም አይገቡም፤ ተሰልፈው ነው የሚሄዱት። ጎመኑ ካደገ በኋላ አስገቢያቸው።

ሁለት ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ። አንደኛ፣ አቮካዶ ካለሽ የወደቀውን ፍሬና ቅጠል አንሺ። ለእኛ ምግብ ነው፤ ለአእዋፍ መርዝ ነው። ሁለተኛ፣ መድኃኒት የተረጨ አትክልት ውስጥ አታስገቢ። ዳክዬ ቅጠሉን ባይበላ እንኳ መርዙን የበላውን ትል ይበላል። በተለይ ዲያዚኖን የሚባለው የተባይ መድኃኒት ዳክዬን በትንሽ መጠን ይገላል። እኔ ራሴ አምስት ዳክዬ በአንድ ከሰዓት አጥቻለሁ። ከጎረቤት ጎመን ውስጥ ገብተው ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ተረጭቶ ኖሯል። ጎረቤቴ ጥፋት የለበትም። ሳልጠይቀው የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በአጥር ከሚዋሰኑኝ ሰዎች ጋር ተነጋግረናል። ሊረጩ ሲሉ ከዋዜማው ይነግሩኛል፣ እኔ እዘጋለሁ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ በቆሎ በሽ ነው። ነቀዝ የበላው፣ ትንሽ የሻገተም አለ። ሰው ስለማይበላው ለዳክዬ ልስጥ?

መልስ፦ የነቀዘውን ስጥ። የሻገተውን በፍጹም። የሻገተ በቆሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል። ከቤት እንስሳት ሁሉ ለዚህ መርዝ በጣም ስስ ከሆኑት አንዱ የዳክዬ ጫጩት ነው። መርዙ መጀመሪያ የታወቀውም በአእዋፍ ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ የዶሮ ዘመዶች ከ100,000 በላይ በድንገት አለቁ፣ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው ሞቱ። ሲመረመር ከመኖው ጋር የተቀላቀለው የኦቾሎኒ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ሻግቶ ነበር። ስለዚህ የኛን የኑግ ፋጉሎም አሽትተህ፣ አይተህ ስጥ። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። ማጠብም አያድነውም። የሻገተውን ቅበረው።

ደህናውን በቆሎ ስትሰጥ ፈጭተህ ወይም ከክተህ፣ አጠገቡ ውሃ አድርግ። ዳክዬ ጥሬ ጎርሶ ወደ ውሃው ይሮጣል። ውሃ ከሌለ ያንቀዋል።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ የዳክዬ እንቁላል ዶሮ ላይ ብናስታቅፍ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። የዶሮ 21 ቀን ነው፤ የተራው ዳክዬ 28 ቀን ይፈጃል። ፊቱ ላይ ቀይ ሥጋ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ 35 ቀን። ዶሮዋ እንዳትሰለች ምግቧን ከአጠገቧ አታርቁ።

ጭንቁ ከተፈለፈሉ በኋላ ነው። የዳክዬ እናት ላባዋ ላይ ያለው ቅባት ጫጩቶቹንም ይነካቸዋል፣ ውሃ እንዳያርሳቸው ይረዳቸዋል። ዶሮ ይሄ የላትም። በመጀመሪያው ክረምቴ ይህን ሳላውቅ ሰባት ጫጩት ለቀቅኩ። ከሰዓት ዝናብ መጣ። እነሱ ጭቃው ውስጥ ደስ ብሏቸው ሲንቦራጨቁ፣ ዶሮዋ መጠለያ ሥር ሆና ትጣራለች። ማታ በብርድ ደርቀው አነሳኋቸው። እስከ ዛሬ አልረሳውም። የእንጅባራ ብርድ ደግሞ ከባሕር ዳር ይብሳል። ላባቸው እስኪሞላ፣ ወደ ሁለት ወር ገደማ፣ ዝናብ ላይ አትልቀቋቸው። የመጠጥ ውሃቸው አፍንጫቸው የሚነከርበት ይሁን እንጂ የሚዋኙበት አይሁን።

እግራቸው ከጎበጠ ወይም መቆም ካቃታቸው ናያሲን የሚባለው ቫይታሚን አንሷቸው ይሆናል። የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ይፈልገዋል። የተቀቀለ ዓሣ እሾሁን ለቅማችሁ ስጧቸው፤ አተር ቅቅልም ይረዳል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ እኛ ጣና ዳር ነን። ሐይቁ ላይ ለምን አንለቃቸውም? እምቦጩንም ይበሉልን ነበር።

መልስ፦ ሐሳባችሁ ይገባኛል፤ እምቦጭ ሁላችንንም አንገብግቦናል። ግን ዳክዬ ቢቀነጣጥበው እንጂ አያጠፋውም። እየቆረጣችሁ ወደ ጓሮ ኩሬ እንዳትወስዱት ደግሞ አደራ፤ ከቁራጩ እንደገና ይራባል። ሐይቁ ላይ ከለቀቃችኋቸው የዓሣ መረብ ይይዛቸዋል፣ አርጃኖ ጫጩቱን ይበላል። ከሁሉ በላይ ከዱር ዳክዬ ጋር ይቀላቀላሉ። የወፍ ጉንፋን የሚተላለፈው እንዲህ ነው። ጓሮ ውስጥ ጭንቅላቱን ሙሉ የሚነክርበት ጥልቅ ሳፋ በቂው ነው። ዓይኑንና አፍንጫውን የሚያጥበው በዚያ ነው። የሳፋውን ውሃ ጌሾው ወይም ሙዙ ሥር ድፉት።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ከዶሮ ጋር አብረው ቢውሉስ?

መልስ፦ ይዋሉ፣ አብረው ግን አይደሩ። ዳክዬ ቤቱን ያርሳል፣ እርጥበት ዶሮን ያሳምማል። ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታም አትርሺ። ዳክዬ ሳይታመም ቫይረሱን ይዞ ሊዞር ይችላል፤ የምታልቀው ዶሮ ናት። ዶሮዎችሽን አስከትቢ። ለአንድ ወንድ ዳክዬ አራት ወይም አምስት ሴት ይኑር፤ ካነሰው ዶሮዎቹን ያስቸግራል፣ ሊጎዳቸውም ይችላል።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ብርዱ አይጎዳቸውም?

መልስ፦ ትልልቆቹን አይጎዳቸውም። ጭዱ ደረቅ ይሁን እንጂ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ አንዷ ሦስት ቀን ሆናት ማታ አልገባችም። ጠዋት ግን ለአፍታ አይቻታለሁ፣ ውሃ ጠጥታ ተመልሳ ጠፋች።

መልስ፦ ታቅፋለች ማለት ነው። ዛሬ ማታ ፈልገህ ካጣሃት፣ ነገ ውሃ ልትጠጣ ስትመጣ አታባርራት፣ ከሩቅ ተከተላት። ጌሾ ሥር፣ የእንጨት ክምር ሥር ወይም አጥሩ ጥግ ትገባለች። ያገኘህበት ቦታ ላይ እንዳለች ትልቅ ቅርጫት ወይም የሽቦ ሣጥን ድፋባት፣ ላዩን ድንጋይ ጫን። ውሃና ጥሬ ለማግኘት በቀን አንድ ጊዜ ክፈትላት። ወደ ቤት ልውሰዳት ካልክ እንቁላሉን ትተወው ይሆናል። ዛሬ ማታውኑ ባትሪ ይዘህ ፈልጋት፤ ሸለምጥማጥ ነገን አይጠብቅም።